ሁለት ባህል፣ አንድ ማዕድ፦ በጀርመን ሕፃን ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያዊና ጀርመናዊ ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከወላጆቹ አንዱ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሌላው ጀርመናዊ ሆነው በጀርመን አገር ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። እኔ ራሴ የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፤ ልጃችንም ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሞልቶታል። ወላጆቻችን እኛን ሲያሳድጉ ጥያቄ ሆኖ የማያውቅ ነገር እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይነሣል፦ «ና፣ ጫማህን አድርግ» የሚባለው በየትኛው ቋንቋ ነው? ልጁ ይጎረስ ወይስ ማንኪያ ይሰጠው? ከእናቱ ጎን ይተኛ ወይስ የራሱ ክፍል ይኑረው? ገናስ የትኛው ነው?

እነዚህ ምርጫዎች እኩል ክብደት የላቸውም። የምግቡም፣ የእንቅልፉም፣ የበዓሉም ነገር ዛሬ በአንድ መልክ ቢወሰን ከዓመት በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ ቋንቋ ግን ልጁ አፉን በሚፈታበት ጊዜ ካልተያዘ በኋላ ለመመለስ ብዙ ድካም ይጠይቃል። ጀርመንኛው ማንም ሳያስብለት ኪታ ከሚባለው የሕፃናት መዋያ፣ ከመጫወቻ ሜዳው፣ ከጎረቤቱና ከአባቱ ወገን ይመጣል። አማርኛው ግን ቢያንስ አንድ ሰው በየቀኑ ከልጁ ጋር ካልኖረበት አይመጣም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የመዘንኳቸው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ለልጁ ጤንነትና ለቤቱ ሰላም የሚበጀው የትኛው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምርጫው ልጁ በቀን ውስጥ አማርኛ የሚሰማበትን ሰዓት የሚጨምር ወይም የሚቀንስ መሆኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቤቱ ቋንቋ

በሰፊው የሚታወቀው መንገድ «አንድ ወላጅ፣ አንድ ቋንቋ» የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ዡል ሮንዣ ስለ ገዛ ልጁ ስለ ሉዊ በ1913 ያሳተመው ጥናት የዚህ መንገድ ቀደምት ምስክር ነው፤ አባት ፈረንሳይኛ፣ እናት ጀርመንኛ ብቻ እየተናገሩ ልጁ ሁለቱንም ቋንቋዎች በደንብ ይዞ አድጓል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ ወላጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ልጁን ማባበል፣ መቆጣትና ማጫወት መቻሉ ነው። በባዕድ ቋንቋ ልጅን መቆጣት ይቻላል፤ እሹሩሩ ማለት ግን ለብዙዎቻችን ከአማርኛ ውጭ አይመጣልንም። ሌላው ጥቅሙ ማንም ወላጅ አዲስ ቋንቋ ሳይማር ልጁ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ሊተገበር መቻሉ ነው።

ድክመቱ የሚታየው ሰዓት ሲቆጠር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ኪታ ከሄደ ደግሞ ነቅቶ የሚቆይበት ሰዓት አብዛኛው እዚያ ያልቃል። እኔ ለአንድ ሳምንት ያህል ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፌ ከልጄ ጋር በአማርኛ ብቻ ያሳለፍኩትን ጊዜ ጻፍኩ፤ በሥራ ቀናት ከሁለት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሳምንት እስክቆጥረው ድረስ «በቤታችን አማርኛና ጀርመንኛ እኩል ናቸው» ብዬ አምን ነበር። ማንኛውም ቤተሰብ መንገዱን ከመምረጡ በፊት ይህን ቆጠራ ቢያደርግ ብዙ ክርክር ይቀርለታል።

ሁለተኛው መንገድ ቤት ውስጥ አናሳውን ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን ብቻ ተናግሮ ጀርመንኛውን ለውጭው ዓለም መተው ነው። ይህ ለመስማት ከባድ ቢመስልም ውጤቱ የተሻለ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ተመራማሪዋ አኒክ ደ ሃውወር በቤልጂየም ፍላንደርስ ወደ 1,900 ከሚጠጉ ቤተሰቦች መረጃ ሰብስበው በ2007 እንዳሳተሙት፣ ሁለቱም ወላጆች ቤት ውስጥ አናሳውን ቋንቋ ብቻ በሚናገሩባቸው ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጆች ቋንቋውን ይናገሩ ነበር፤ አንዱ ወላጅ አናሳውን፣ ሌላው የአገሩን ቋንቋ ብቻ በሚናገሩባቸው ቤቶች ግን ከአራት አንድ ገደማ በሚሆኑት ልጆቹ አናሳውን ቋንቋ አይናገሩም ነበር። ችግሩ ይህ መንገድ ጀርመናዊው ወላጅ አማርኛ እንዲያውቅ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ለዓመታት የኖረ ወይም ከጋብቻው በፊት ቋንቋውን የተማረ ሰው ይችለዋል፤ ሌላው ግን ከልጁ ጋር በተሰባበረ አማርኛ ብቻ እንዲያወራ ቢገደድ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ጨዋታ ይቀዘቅዛል። በእኔ ግምት ይህ ኪሳራ ከትርፉ ይበልጣል።

ሦስተኛው በጊዜና በቦታ መከፋፈል ነው፦ ቅዳሜና እሑድ አማርኛ፣ በሥራ ቀን ጀርመንኛ፣ ወይም ገላ ሲታጠብና ሲተኛ አማርኛ፣ ምግብ ላይ ጀርመንኛ ማለት ነው። ሁለቱም ወላጆች ሁለቱንም ቋንቋ ለሚችሉበት ቤት ይስማማል። ሆኖም የሁለት ዓመት ልጅ ቅዳሜ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ በቀን ከመከፋፈል ይልቅ በየዕለቱ በሚደጋገም ሥራ መከፋፈል ይሻላል፤ ገንዳው ውሃ ሲሞላ አማርኛው እንደሚጀምር ልጁ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ብዙ ቤት ውስጥ ያለና ማንም መርጦት የማያውቅ አራተኛ ሁኔታ አለ፤ ይኸውም ባልና ሚስት የተዋወቁት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ የሚያወሩበት ቤት ነው። ሦስተኛ ቋንቋ መስማቱ ልጁን አይጎዳውም። ግን ሦስቱ አንድ ላይ በሆኑ ቁጥር የማዕዱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ ከአማርኛው ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው። ሁለቱም ወላጆች ጀርመንኛ የሚችሉ ከሆነ ቀስ በቀስ ወደ ጀርመንኛ መዞሩ ለልጁም ለአማርኛ ተናጋሪው ወላጅ ኑሮም ይጠቅማል፤ የአማርኛው ድርሻ ግን በሁለቱም ሁኔታ ለብቻው መጠበቅ አለበት።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው የመጀመሪያውን መንገድ መሠረት አድርጎ ከሁለተኛው የሚቻለውን ያህል መውሰድ ነው። ይህን የምልበት ምክንያት ጉዳዩ የሚወሰነው የመንገዱ ስም ምንም ይሁን ምን እራት ላይ ስለሆነ ነው። ሦስታችን ስንቀመጥ ባለቤቴ እንዳይገለል ብዬ ለልጄም በጀርመንኛ መናገር ጀመርኩ፤ ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ገበያው ሄደና በጥቂት ወራት ውስጥ ከልጄ ጋር አማርኛ የማወራው ሁለታችን ብቻ ስንሆን ሆነ። ይህን የቀየረው የባለቤቴ ውሳኔ ነው። ለሕፃን የሚነገር አማርኛ ከአማርኛ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አብዛኛው ትእዛዝ ሲሆን በየቀኑ ያው ይደጋገማል። ባለቤቴ «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «እጅህን ታጠብ»፣ «ጫማህን አምጣ»፣ «ውሃ ትፈልጋለህ?»፣ «በቃ»፣ «ቀስ»፣ «አይዞህ» የሚሉትን በገዛ እጁ በላቲን ፊደል ጽፎ የኩሽናው ቁም ሳጥን በር ላይ ለጠፈ፤ በየሳምንቱ አምስት ስድስት ቃል ጨመረበት። እሱ ከልጁ ጋር የሚያወራው አሁንም በጀርመንኛ ነው። እኔ በአማርኛ የምለው ግን ስለሚገባው ማዕዱ ላይ ቋንቋ የምቀይርበት ምክንያት ቀረ። አማርኛ ተናጋሪው ወላጅ አባት በሆነበት ቤትም ነገሩ አይለይም፤ የአማርኛውን ዕድሜ የሚወስነው በአብዛኛው አማርኛ የማያውቀው ወላጅ ነው።

አንድ ተናጋሪ ብቻ ያለበት ቤት ልዩ ጉድለት እንዳለውም ማወቅ ያስፈልጋል። አማርኛ ወንድንና ሴትን ለይቶ ነው የሚያነጋግረው። ልጄ ከእኔ የሚሰማው «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ብቻ ስለነበር እኔንም ሲጠራኝ «እማዬ፣ ና!» ይለኝ ነበር። ስሕተቱ የእሱ አይደለም፤ «ነይ» የሚለውን ቃል የሚሰማበት ሰው አልነበረውም። ሴት ልጅ ያላት እናት ደግሞ ልጇ አባቷንም አያቷንም በሴት አንቀጽ ስትጠራ ትሰማ ይሆናል። «እርስዎ» የሚለውማ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአማርኛ ሲነጋገሩ ካልተሰማ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ልጁ እርስ በርሳቸው አማርኛ የሚያወሩ ሰዎች መካከል በመደበኛነት መገኘቱ ተጨማሪ ሳይሆን የምርጫው አካል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ ሐበሻ ቤተሰብ ጋር ቡና መጠጣት፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትንሽ መቆየት ይበቃል።

በዚህ መሐል «ልጁ ግራ እንዳይገባው አማርኛውን ተዉት» የሚል ሰው ሳይመጣ አይቀርም። እኔም ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ከአንዲት ባለሙያ ሰምቼዋለሁ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል በጀርመንኛ ብቻ አወራሁትና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀላቀልም የግራ መጋባት ምልክት አይደለም፤ ያለውን ቃል መጠቀም ነው። ከ21 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ በሚደረገው ኡ ሰባት በተባለው ምርመራ ላይ ሐኪሙ የልጁን ቃላት ሲጠይቅ የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ተደምረው መነገር አለባቸው። ዝርዝሩን ቤት ጽፎ መሄድ ይጠቅማል፤ «ውሃ»ንም የጀርመንኛውን «ቫሰር»ንም ቆጥሮ ማለት ነው። በሁለት ዓመቱ በሁለቱ ቋንቋዎች በድምሩ 50 ያህል ቃላት ከሌሉትና ሁለት ቃል ማገጣጠም ካልጀመረ ግን ምክንያቱን በሁለት ቋንቋ ማደጉ ላይ ሳያላክኩ ከጆሮ ምርመራ ጀምሮ ማስመርመር ይገባል።

ቀኑን ከማን ጋር ይዋል

በጀርመን ከነሐሴ 1 ቀን 2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በኪታ ወይም ታገስሙተር በምትባለው የቤት ሞግዚት ዘንድ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። መብቱ ቢኖርም በትልልቅ ከተሞች ቦታ ማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ ምዝገባውን ቀደም ብሎ ማድረግ ግዴታ ነው። ክፍያው እንደየክፍለ ሀገሩና እንደየከተማው ይለያያል። በርሊን ለመዋያው ራሱ አያስከፍልም፤ ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ከሦስት ዓመት ጀምሮ በቀን ስድስት ሰዓት ነፃ ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በየከተማው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኪታ ብዙ ልጆችና ከአንድ በላይ ተንከባካቢ ስላለው አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትተካለች፤ ጀርመንኛውም በፍጥነት ይጠነክራል። ታገስሙተር በአንድ ጊዜ ከአምስት የማይበልጡ ልጆች ስለምትይዝ ለዝምተኛና ለሆደ ባሻ ልጅ ትሻላለች፤ እሷ ስትታመም ወይም ፈቃድ ስትወጣ ግን ወላጅ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ከወጣቶችና ሕፃናት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያላት አማርኛ ተናጋሪ ታገስሙተር ከተገኘች ለቋንቋው ከሁሉም የሚበልጠው አማራጭ እሱ ነው። ጀርመንኛው ለሁለት ዓመት ያህል ቢዘገይ እንኳ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በኪንደርጋርተን ይደርስበታል።

ኪታ የመረጠ ቤተሰብ በመላመጃው ወቅት አንድ ነገር እንዲያዘጋጅ እመክራለሁ። ብዙ ኪታዎች በሚከተሉት የበርሊን ሞዴል ወላጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለአንድ ሰዓት ያህል አብሮ ተቀምጦ ይቆይና በአራተኛው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ወጥቶ ይሞክራል። ልጃችን በዚያ ወቅት ሽንቱ ሲመጣ በአማርኛ ነበር የሚናገረው። አንድ ቀን ልወስደው ስመጣ ልብሱ ተቀይሮ ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት፤ «ሽንቴ» እያለ ሱሪውን ይዞ ቢቆምም የተረዳው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ አሥር ቃላት በላቲን ፊደል ከነትርጉማቸው ጽፌ ሰጠኋቸው፦ ሽንት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ እንቢ፣ እሺ፣ ፈራሁ፣ ራበኝ፣ ተወኝ፣ እማዬ። ተንከባካቢዎቹ በደስታ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን መስጠት ነበረብኝ።

ወላጅ ራሱ ቤት መዋልን ለመረጠ፣ እያንዳንዱ ወላጅ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የወላጅነት ፈቃድ መውሰድና በዚያ ጊዜ በሳምንት እስከ 32 ሰዓት መሥራት ይችላል። የአማርኛ ተናጋሪው ወላጅ ሰዓት በቀጥታ የአማርኛው ሰዓት ስለሆነ፣ የገቢው ሁኔታ ከፈቀደ የሥራ ሰዓቱን የሚቀንሰው እሱ ወይም እሷ ቢሆን እመርጣለሁ። ነገር ግን አዲስ መጤ የሆነች እናት ቤት በመዋሏ ጀርመንኛዋና ሥራዋ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ይህ ምክር አይሠራም፤ የእናቲቱም ኑሮ መታሰብ አለበት።

አያትን ከኢትዮጵያ ማስመጣት ብዙዎቻችን የምንመኘው አማራጭ ነው። በሼንገን ቪዛ የሚመጣ ሰው በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል፤ ወጪውን የሚችል ሰው ዋስትና እንዲፈርምም ይጠየቃል። ስለዚህ አያት የኪታ ምትክ ልትሆን አትችልም፤ ኪታው ውስጥ ያለውን ቦታ ለሦስት ወር ብሎ መልቀቅም ስሕተት ነው። በኪታው ላይ የሚጨመር የሦስት ወር የአማርኛ ዘመን አድርጎ ማየት ግን ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ስትመጣ ልጄን ከኪታ በስምንት ሰዓት ተኩል እያወጣነው ቀሪውን ቀን ከእሷ ጋር ዋለ። እሷ ከኩሽናው ሆና «ነይ ልጄ፣ ቅመሽልኝ» ስትለኝ፣ እኔም «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ስላት ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ነይ!» ብሎ ጠራኝ። ማንም አላረመውም፤ ከሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው የወሰደው።

ጉርሻ ወይስ ማንኪያ

በባለቤቴ ወገን ልጅ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በራሱ ሹካና ማንኪያ ይበላል፤ ሲበቃው ይተዋል፤ ማንም አይለምነውም። በእኛ ወገን ልጅ ይጎረሳል፤ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ያልጎረሰ እንግዳም ልጅም የለም። በሁለቱ መካከል የሚነሣው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከልጁ ይልቅ የአያቶቹ ነው።

ሁለቱን ሳወዳድር፣ ልጁ በራሱ እጅ መብላቱ ለጣቶቹም ለጥጋብ ስሜቱም ስለሚበጅ ዋናው ልማድ እሱ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ እንጀራ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ያህል ነው። ማንኪያ ላይ የሚያስቸግረው ምስር ክክ አልጫ በቁራሽ እንጀራ ሲሆን የሁለት ዓመት ልጅ ሳያፈስ ወደ አፉ ያደርሰዋል። ጉርሻን ማስቀረት ግን አያስፈልግም። ቦታውን መቀየር ነው፤ ማዕዱ ሲጀመር አንድ ጉርሻ ከእናት፣ አንድ ከአባት፣ ከዚያ ልጁ በተራው ሁለቱንም ያጎርሳል። ልጁ አፉን ሲዘጋ ያለቀ መሆኑን ሁሉም መቀበል አለበት፤ ጨዋታ እያሳዩ ወይም እየተከተሉ ማጉረስ በየትኛውም ባህል አይጠቅመውም።

በርበሬው መቆየት ይችላል፤ ለልጁ ከወጡ ላይ ቅመሙ ሳይገባ አስቀድሞ መቅዳት በቂ ነው። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ከባህል ጥያቄ ውጭ ናቸው። ሙሉ ፍሬ ሆነው ለትንሽ ልጅ መስጠት ስለሚያንቅ አደገኛ ነው፤ አያትም ሆነች እንግዳ ይህ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም። ጀርመኖች ለእራት የሚያቀርቡት ዳቦና አይብ ለሥራ ቀን ማታ ቀላል ስለሆነ እኛ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ እሱ ነው፤ የእንጀራው ማዕድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ጾም የሚጾም ወላጅ ለብቻው ሁለተኛ ድስት መጣድ እንዳይኖርበት ሽሮውና አልጫው ለሁሉም እንዲሆን አስቦ የልጁን እንቁላልና ወተት በጎን ቢጨምር ይቀለዋል።

ስልኩና ቴሌቪዥኑ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪንን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። ስለዚህ ያለችው ሰዓት በምን ትጥፋ የሚለው ነው ጥያቄው። በዩቲዩብ ያሉ የአማርኛ የልጆች ዝግጅቶች ለጆሮ መልካም ቢሆኑም፣ ከ24 እስከ 30 ወር ባሉ ልጆች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ልጆች አዳዲስ ግሦችን ከአካል ጨዋታና ከቪዲዮ ጥሪ ሲማሩ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን እንዳልተማሩ አሳይቷል። ልዩነቱ ሰውየው ልጁን እያየ መልስ መስጠቱ ነው። አሥር ደቂቃ ከአያት ጋር በቪዲዮ መነጋገር ከአንድ ሰዓት ዝግጅት ይበልጣል። «ደኅና ነህ? በላህ? ተኛህ?» ብቻ ከሆነ ልጁ ሸሽቶ ይሄዳል፤ አያት እጇ ላይ ሽንኩርት ወይም ድመቷን ይዛ ብታሳየው ግን ይቆያል። እናቴ ስልኩን ምጣዱ አጠገብ አስደግፋ ስታነጋግረው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀምጧል።

እንቅልፍና በዓል

በመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑ በወላጆቹ ክፍል በራሱ አልጋ ቢተኛ ለደኅንነቱ የተሻለ ነው፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም። ከዚያ በኋላ በእናት ጎን መተኛቱም በራሱ ክፍል መተኛቱም ጉዳት የለውም፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ የሚያገኝበትን መምረጥ ነው። ከቦታው ይልቅ ማን ያስተኛዋል የሚለው እንዲታሰብበት እፈልጋለሁ። ማስተኛት ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ለአንድ የሚደረግ ጨዋታ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪው ወላጅ ይህን ሰዓት ለራሱ ቢይዘው በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ያተርፋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ «ተረት ተረት» ስለው «የላም በረት» የሚል ድምፅ ከጨለማው ይመጣል፤ «በረት» የሚለውን ገና ስለማይችለው «በየት» ነው የሚለው።

በዓላትን በተመለከተ ሁለቱን ገና አንድ ላይ ማክበር፣ አንዱን መምረጥ ወይም ሁለቱንም በየቀናቸው ማክበር ይቻላል። የጀርመኖቹ በታኅሣሥ 24 ምሽት ይጀምራል፤ የእኛ ጥር 7 ነው። ፋሲካ በ2025 ለሁለቱም ሚያዝያ 20 ቀን ዋለ፤ በ2026 ግን የእነሱ ሚያዝያ 5፣ የእኛ ሚያዝያ 12 ነው። አንድ ላይ ማክበሩ ወጪና ድካም ቢቀንስም የአገሩ ሁሉ ጌጥና ሙዚቃ የጀርመኖቹን ስለሚያጅብ የእኛው ውስጡ ይጠፋል። ሁለቱንም ማክበሩ ይሻላል፤ ጥር 7 በጀርመን የሥራ መዝጊያ በዓል ስላልሆነ ከሥራ ፈቃድ መውሰድ ይጠይቃል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያስታውሰው የቄጠማውን፣ የቡናውንና የእጣኑን ሽታ፣ የነጭ ልብሱን ጥለት ስለሆነ ትልቅ ድግስ አያስፈልግም።

በጀርመንኛ ሲመልስ

ከሁሉም በኋላ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል በአማርኛ የተጠየቀ ልጅ በጀርመንኛ መመለስ ይጀምራል። እዚህ ላይ ወላጆች በአራት መንገድ ሲመልሱ አያለሁ። አንዳንዱ «አልገባኝም» ይላል፤ ልጁ እንደገባው ስለሚያውቅ ይናደዳል፤ ሲርበውና ሲደክመው ደግሞ ጭካኔ ይሆናል። አንዳንዱ «በአማርኛ በል!» ብሎ ያዛል፤ አማርኛው የቁጣ ቋንቋ ይሆናል። አንዳንዱ ራሱም ወደ ጀርመንኛ ይዞራል፤ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ሲሆን አማርኛውን የሚያስቀረውም እሱ ነው። የምመርጠው አራተኛውን ነው፤ ልጁ ያለውን በአማርኛ መልሶ በጥያቄ መልክ መስጠትና ምርጫ ጨምሮበት መቀጠል። ልጄ ማታ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ «ሚልሽ» ሲለኝ «ወተት ነው የፈለግከው? ትኩስ ወተት ላድርግልህ ወይስ ቀዝቃዛ ወተት?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ «ትኩስ» ብሎ ይመልሳል። አንዳንድ ቀን በጀርመንኛው ይጸናል፤ ያን ጊዜም ወተቱን አሙቄ እየሰጠሁት በአማርኛዬ እቀጥላለሁ።